ክላሲካል ሊበራሎችን ለማንበብ ላሰባችሁ፦ ከሀየክ፣ ከፍሪድማን፣ ከሚልና ከኖዚክ ማን ይሻላችኋል?

ክላሲካል ሊበራሎችን፣ ማለትም ለግለሰብ ነጻነት፣ ለግል ንብረትና ለነጻ ገበያ የሚከራከሩትን ጸሐፊዎች፣ ማንበብ ፈልጌ ነበር ከማን ልጀምር የሚል ሰው ሁሌም አለ፣ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአስር መጽሐፍ ስም መደርደር ነው። ሰውየው ከዝርዝሩ ትልቁን ያወርዳል፣ ሃያ ገጽ ይገፋል፣ ከዛ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካዊውን ኢኮኖሚስት የፍሪድማንን አጫጭር ክሊፖች ያይና "በቃ ገባኝ፣ መንግስት እጁን ያንሳ ነው የሚሉት" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ጋ ችግሩ አንድ ነው፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ካምፕ ይመስሏቸዋል። አይደሉም። ብዙ ጥያቄ ላይ መልሳቸው ይገጥማል፣ ግን ወደ መልሱ የሚደርሱበት ምክንያት የየራሳቸው ነው፣ ምክንያቱ ስለሚለያይ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ፣ ያውም ክፉኛ።

ስለዚህ ስትመርጡ መልሳቸውን አትዩ፣ ምክንያታቸውን እዩ። ለማወዳደር እንዲመች አንድ ጥያቄ ይዤ የሁሉንም በር አንኳኳለሁ፦ የቤት ኪራይ። ከ2016 ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለን፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፣ አከራይ ዋጋ መጨመር የሚችለውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ተመን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው አዋጁ ለምን እንደወጣ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፣ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲህ ጨምሩ ካልሆነ ልቀቁ" የሚለውን ያውቀዋል። ከታች የምጠራቸው ሰዎች ይሄን አዋጅ ቢያዩ አብዛኞቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ለምን የሚለው ላይ ነው ወሬው ያለው።

(ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛ አገር አዋጅና ውሳኔ ሲሆን ብቻ በኛው። እና ደግሞ አሜሪካ ቲቪ ላይ ሊበራል እየተባሉ የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፣ እዚህ አይመለከቱንም።)

ጊዜ የለኝም ለምትሉ፦ ባስቲያ

ፍሬደሪክ ባስቲያ ፈረንሳዊ ነው፣ 1850 ላይ ሮም ውስጥ በ49 ዓመቱ ሞተ፣ አብዛኛውን የሚነበብለትን ነገር የጻፈው መጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ላይ ነው። አጭር ነው፣ ያስቃል። 1845 ላይ የሻማ ፋብሪካዎችን ወክሎ ለፓርላማ የጻፈው የቀልድ አቤቱታ አለ፣ "አንድ የውጭ ተወዳዳሪ በነጻ ብርሃን እየሸጠ ገበያችንን አጠፋው፣ መስኮት ሁሉ በሕግ ይዘጋልን" ይላል፣ ተወዳዳሪው ጸሐይ ናት። የአገር ውስጥ ምርት ይጠበቅልን የሚል ክርክር በሰማችሁ ቁጥር ትዝ ይላችኋል።

ዋና ሀሳቡ ግን የሚታየውና የማይታየው የሚለው ነው። ልጅ መስኮት ሰበረ፣ መስታወት ገጣሚው ስራ አገኘ፣ ሰው "ለኢኮኖሚው ጥሩ ነው" አለ፣ ባስቲያ ደግሞ ባለቤቱ በዛች ብር ሊገዛው የነበረውን ጫማ አስታወሳቸው። ኪራይ ላይ ስታመጡት፣ የሚታየው ዘንድሮ ያልተጨመረባት ተከራይ ናት፣ የማይታየው ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሊሰራ አስቦ "ምን አስቸኮለኝ" ብሎ የተወው ሰው፣ እና በሚቀጥለው ዓመት ትዳር ይዘው ቤት ፍለጋ የሚወጡት ጥንዶች ናቸው። ጥሩ የማሰብ ልማድ ነው። ድክመቱ፣ የማይታየው ነገር ስንት እንደሆነ አይለካም፣ ሁለት ቤት ቀረ ወይስ ሁለት ሺህ የሚለውን ከሱ አታገኙም፣ እና ባስቲያን ብቻ ያነበበ ሰው ክርክር ላይ ትንሽ ያናድዳል፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ይመስለዋል።

ደላላን የሚወድ ሰው፦ ሀየክ

እየቀለድኩ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ፍሬድሪክ ሀየክ 1945 ላይ አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው በሚባል መጽሔት ላይ ባወጣት፣ እውቀት በህብረተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራበት በምታወራው አጭር ጽሑፍ፣ ሰው የሚንቃቸውን ስራዎች ሲጠቅስ የቤት ደላላውንም ይጠራዋል፣ ይከራከርለታልም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢኮኖሚ የሚሰራበት እውቀት አብዛኛው አንድ መስሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተሰብስቦ የሚቀመጥ አይነት አይደለም፣ ሚሊዮን ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተበተነ፣ ዛሬ ኖሮ ነገ የማይኖር ነው። ገርጂ ውስጥ የአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ሊለቀቅ መሆኑን፣ ተከራይዋ ወሩ ሳይሞላ እንደምትወጣ፣ የቤቷ ባለቤት ልጅ ያለው ተከራይ እንደማትፈልግ፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ እንደምትመጣና ሮቶው ትንሽ እንደሆነ የሚያውቀው ሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆሞ የሚውለው ደላላ ነው። ይሄን ማንም ፎርም ሞልቶ ለክፍለ ከተማ አይልክም፣ ቢልክም ወረቀቱ እስኪደርስ ቤቱ ተይዟል።

ዋጋ ደግሞ የዚህ ሁሉ የተበተነ እውቀት ማጠቃለያ ነው ይላል ሀየክ። የሱ ምሳሌ ቲን የሚባለው ማዕድን ነው፣ የሆነ አገር ማውጫው ቢዘጋ ወይም አዲስ ጥቅም ቢገኝለት፣ ሌላ አገር ያለው ተጠቃሚ የተፈጠረውን ነገር ጨርሶ ሳያውቅ ዋጋው ስለጨመረ ብቻ መቆጠብ ይጀምራል፣ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልሰበከውም። ስለዚህ የኪራይ ዋጋን በሕግ ስታቆሙ ሀየክ የሚጮኸው ለአከራዩ አዝኖ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መልእክት ማስተላለፊያው ስለተቋረጠ ነው። ነገሩን ደግሞ በወጣትነቱ አይቶታል፣ የቪየና ሰው ነው፣ 1899 ነው የተወለደው፣ ቪየና ውስጥ የኪራይ ጭማሪ የታገደው 1917 ላይ በጦርነቱ ጊዜ ነው። 1930 አካባቢ ባደረገው ንግግር ካነሳቸው ነገሮች አንዱ በጣም ነው የሚገርመኝ፣ ርካሽ ቤት የያዘ ሰራተኛ ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ስራ ወዳለበት አይሄድም፣ ቤቱ ሰውየውን ያስረዋል።

ሀየክን ጭራሽ ድሃ ይሙት የሚል ሰው አድርገው የሚስሉት አሉ፣ አላነበቡትም። 1944 ላይ ባወጣው በታዋቂው መጽሐፉ፣ ሀብታም የሆነ አገር ለሁሉም ሰው መሰረታዊ ምግብ፣ መጠለያና ልብስ ዋስትና ቢሰጥ ከነጻነት ጋር አይጋጭም ይላል። ሌላው ኦስትሪያዊ ኢኮኖሚስት ሉድቪግ ፎን ሚዘስ ደግሞ ከዚህ በጣም የጠበቀ ሰው ነበር። ሀየክ 1947 ላይ ስዊዘርላንድ ሞን ፔለራ ተራራ ላይ በጠራው ስብሰባ፣ ገቢ በግብር ስለማከፋፈል ሲወራ ሚዘስ "ሁላችሁም ሶሻሊስቶች ናችሁ" ብሎ ተነስቶ ወጣ፣ ፍሪድማን እዛው ስለነበር ነው ሲያወራው የኖረው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እነ ሀየክና ፍሪድማን ናቸው እንግዲህ፣ አስቡት።

የሀየክ ጉድለት፦ አረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ አንዳንዴ ግሱ ጋ ስትደርሱ መነሻውን ትረሱታላችሁ። ከዛ የከፋው ፖለቲካው ላይ ነው፣ በወታደራዊው አምባገነን በፒኖቼ ትገዛ የነበረችውን ቺሊ ሁለቴ ጎብኝቷል፣ 1981 ላይ ለአንድ የቺሊ ጋዜጣ ሊበራል ካልሆነ ዴሞክራሲ ሊበራል አምባገነን እመርጣለሁ ብሏል። ነጻነት የሚለውን ቃል ያን ያህል የወደደ ሰው ይሄን ማለቱ ለኔ አሁንም አይዋጥልኝም፣ በተለይ አምባገነን ምን እንደሚመስል በዝና ሳይሆን በዓይኑ ያየ አገር ሰው ሲያነበው።

ቁጥር ካላየሁ አላምንም ለምትሉ፦ ፍሪድማን

ሚልተን ፍሪድማን 1946 ላይ ከጆርጅ ስቲግለር ጋር ስለ ኪራይ ቁጥጥር ትንሽዬ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር (ኋላ ሁለቱም ኖቤል ወስደዋል፣ ፍሪድማን 1976፣ ስቲግለር 1982)። ያወዳደሩት ሳንፍራንሲስኮን ከራሷ ከሳንፍራንሲስኮ ጋር ነው። ኤፕሪል 1906 ላይ የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ በሶስት ቀን ከከተማዋ ቤቶች ከግማሽ በላይ አወደመ፣ ከ400 ሺህ ነዋሪ 225 ሺህ ያህሉ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የተረፈው ቤት እያንዳንዱ ከበፊቱ 40 በመቶ የሚበልጥ ሰው መያዝ ነበረበት። ከአደጋው በኋላ ባገኙት የመጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ግን ስለ ቤት እጥረት አንድም ነገር የለም፣ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ግን አለ። 1946 ላይ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ያቺው ከተማ ያላት ቤት 10 በመቶ ተጨማሪ ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው፣ የሚከራይ ቤት ግን ጠፋ፣ ጋዜጣው ስለ እጥረቱ ጽፎ አልጠገበም። ልዩነቱ፣ በነሱ አባባል፣ 1946 ላይ ኪራይ ላይ ገደብ መኖሩ ነው።

መክፈል ያቃተው ሰው 1906 ላይ የት ገባ የሚለው ላይ ብዙ አይቆዩም፣ እኔ የምታዘባቸው እዛ ላይ ነው። ግን አንድ የማትጠብቁት ነገር አለ፣ እዛው ጽሑፍ ውስጥ እኛ አሁን ካለው የበለጠ እኩልነት እንዲኖር የምንፈልግ ሰዎች ነን ብለው ጽፈዋል፣ አሳታሚው ይሄ አልተመቸውም፣ የራሱን የግርጌ ማስታወሻ ለጠፈበት። ልብወለድ ጸሐፊዋ አየን ራንድ ደግሞ ጭራሽ ጽሑፉን ጠላት እንደጻፈው አድርጋ ነው ያወገዘችው። ኪራይ ቁጥጥርን የሚቃወም ጽሑፍ ላይ የኪራይ ቁጥጥር ተቃዋሚዎች እንዲህ ተባሉ ማለት ነው።

ፍሪድማን ለድሃው መልስ አለው። ዋጋውን አትንኩ፣ ሰውየውን በገንዘብ እርዱት ነው። 1962 ላይ ባወጣው መጽሐፍ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ሰው መንግስት ጥሬ ብር ይስጠው፣ በግብር መስሪያ ቤቱ በኩል፣ ብሎ ሃሳብ አቅርቧል። ይሄ በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፣ የአብዛኛው ሰው ገቢ በየትም ባልተመዘገበበት ከተማ ማን ስንት እንደሚያገኝ በምን ይታወቃል የሚለው ግን አሜሪካ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው ብዙም አያስጨንቀውም።

የኛን ሳንፍራንሲስኮ ከፈለጋችሁ ደግሞ የቀበሌ ቤት አለላችሁ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ ገባ፣ ከዛ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች። ኪራዩም ተቀነሰ፣ ከዛም እዛው ላይ ለአስርት ዓመታት ቆመ። የቀበሌ ቤት ያደገ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይና ጎማ ይጫንበታል፣ በወር የሚሰበሰበው ብር ምስማር እንኳን ስለማይገዛ ቀበሌው አይጠግንም፣ ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፣ ማፍሰስ ቢፈልግም ፈቃድ ጠይቆ ነው። ፍሪድማን ቢያየው ምዕራፍ ይጽፍበት ነበር። ግን ያው ቤት ነው የሊስትሮውን ልጅ፣ የእንጀራ ሻጯን ቤተሰብ ፒያሳና ካዛንቺስ መሃል ከተማ ላይ ያቆየው፣ ስራቸው በእግር በሚደርሱበት ቦታ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ብቻ የሚያወራላችሁ ሰው ጋ ተጠንቀቁ።

ጎረቤት ምን ይለኛል ለሚያንገበግባችሁ፦ ሚል

የኛ ሰው ክላሲካል ሊበራል ሲባል ወዲያው ወደ ኢኮኖሚ ስለሚሮጥ እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልን ይዘለዋል። እኔ ብሆን ለኛ ከሁሉም የሚያስፈልገን እሱ ነው ባይ ነኝ። 1859 ላይ ያሳተማት ስለ ነጻነት የምታወራው መጽሐፍ ቀጭን ናት፣ እና የምትፈራው መንግስትን ብቻ አይደለም። ህብረተሰቡ ራሱ፣ ያለ ፖሊስ ያለ እስር ቤት፣ በሐሜትና በማግለል ብቻ ሰውን ሊጨፈልቅ ይችላል ትላለች፣ እንዲያውም ከሕግ የባሰ ነው፣ ማምለጫ የለውም። ይሉኝታ ውስጥ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሃሳብን መግለጽ ላይ ክርክሩ በደንብ የተሰራ ነው። ዝም ያሰኛችሁት ሃሳብ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ውሸት ቢሆን እንኳን ግማሽ እውነት ሊኖርበት ይችላል፣ ፈጽሞ ውሸት ቢሆንም ተከራካሪ ያጣ እውነት በአፍ የሚነበነብ ነገር ሆኖ ይሞታል። ገደቡንም ያስቀምጣል፣ ምሳሌውም እዚህ የተጻፈ ነው የሚመስለው፦ እህል ነጋዴዎች ድሃውን እያስራቡ ነው ብሎ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ መነካት የለበትም፣ ያንኑ ነገር ግን የእህል ነጋዴው በር ላይ ለተሰበሰበ የተቆጣ ሕዝብ መጮህ ሊያስቀጣ ይችላል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ይዛችሁ ይሄን ምሳሌ ጎን ለጎን አንብቡት፣ ከዛ ፌስቡክ ላይቭ ጋዜጣ ነው ወይስ የነጋዴው በር የሚለውን ራሳችሁ ተጨቃጨቁበት። ሚል አልመለሰውም፣ መሳሪያውን ግን ሰጥቷችኋል።

ኪራይና መሬት ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። መሬትን ማንም ሰው አልሰራውም፣ የሰው ዘር ሁሉ ውርስ ነው ይላል፣ ከተማ ስላደገ ብቻ የቦታቸው ዋጋ የሚጨምርላቸው ባለመሬቶች ተኝተው ነው የሚከብሩት፣ ያ ትርፍ ቢገበር ምንም ግፍ የለበትም ይላል። መሬት ላራሹ ሲባል የነበረውን ትውልድ ቢያገኝ ግማሽ መንገድ አብሯቸው ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ቀሪውን ግማሽ ግን አይሄድም፣ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው ገበሬው መሬቱ ላይ ማንም የማይነቀንቀው ይዞታ እንዲኖረው ነው፣ ጌታ በመንግስት እንዲተካበት አይደለም።

እዚህ ጋ የማይታለፍ ነገር አለ። ሚል ከ1823 እስከ 1858 የህንድን አገር ይገዛ ለነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ተቀጥሮ ሰርቷል፣ እዛችው ስለ ነጻነት በምታወራው መጽሐፍ መግቢያ ላይም "ኋላ ቀር" የሚላቸው ሕዝቦች በአምባገነን ቢገዙ ለማሻሻል እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም ይላል። ሳታነቡ አታልፉት፣ ተናደዱበት፣ ከዛ ቀጥሉ። በሌላ በኩል 1869 ላይ ስለ ሴቶች መገዛት የጻፈው በዛ ዘመን ፓርላማ ከገባ ሰው የማይጠበቅ ነው።

የኔ ነው፣ አለቀ ለምትሉ፦ ሎክና ኖዚክ

ሀየክና ፍሪድማን ቁጥጥር አይሰራም ነው የሚሉት። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ ቢሰራም አይፈቀድላችሁም ይላል። ትልቅ ልዩነት ነው፣ እንዳታልፉት። 1974 ላይ ያወጣው መጽሐፍ መነሻው ሰው መብት አለው፣ በነዚህ መብቶች ላይ ማንም ሊያደርገው የማይችለው ነገር አለ የሚል ነው። ታዋቂ ምሳሌው ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሌን ነው፣ አንድ ሚሊዮን ሰው እሱን ለማየት በፈቃዱ 25 ሳንቲም ቢጥልለት 250 ሺህ ዶላር ይይዛል፣ መነሻችሁ ፍጹም እኩል ክፍፍል ቢሆን እንኳን ፈርሷል፣ ማንም ግን አልተበደለም። ለዚህ ሰው የኪራይ ጥያቄ ደቂቃ አይፈጅም፣ ቤቱ የሱ ነው፣ ዋጋውንም እሱ ነው የሚያወጣው።

አሁን ወሬ ልንገራችሁ። ይሄው ኖዚክ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ውስጥ ተከራይ ነበር፣ ከአከራዩ ጋር (ታዋቂ ደራሲ ነው) ሲጣላ የከተማዋን የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ይዞ ተከራከረው፣ ገንዘብም አስከፈለው። ኋላ ሲጠየቅ በንዴት ያደረኩት ነው በሚል መንፈስ ነው ያወራው። ፍልስፍናውን አያፈርሰውም፣ ግን ተከራይነት ምን እንደሚያደርግ ያሳያል፣ እኔ በበኩሌ በዚህ ወደድኩት።

የኖዚክ የሀሳብ አያት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው፣ 1689 ላይ የወጡት ሁለቱ ድርሰቶቹ ሰው ጉልበቱን ከአፈሩ ሲቀላቅል ንብረቱ ይሆናል ይላሉ፣ ለሌላውም በቂና ደህና ነገር እስከተረፈ ድረስ። ሕገ መንግስታችንን አንቀጽ 40ን ከሎክ ጋር አንብቡት፣ ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግስትና የሕዝብ ነው ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ግን ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል። 7ቱ ሎክን ነው የሚመስለው፣ 3ቱ ደግሞ ሎክን ያሳብደዋል፣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ሲፈርስ ካሳው ለቤቱ ነው ወይስ ለቦታው የሚለው ጭቅጭቅ ሁሉ እዛ ገጽ ውስጥ አለ።

ኖዚክን የሚወዱ ሰዎች የሚያልፏት አንዲት ነገር ደግሞ አለች። ንብረት ፍትሐዊ የሚሆነው መጀመሪያ የተያዘበት መንገድና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ ንጹህ ከሆነ ነው ይላል፣ ካልሆነ ግን መታረም አለበት፣ እንዴት እንደሚታረም ግን በዝርዝር አልሰራውም። ይሄን ሃሳብ አዲስ አበባ ላይ አምጡት እስቲ። በ1967 የተወረሰው ቤት የባለቤቱ ልጆች ነው? ከዛ በፊትስ ቦታው በማን እጅ ነበር፣ እንዴትስ ተያዘ? ሃምሳ ዓመት የኖረበት ተከራይስ? ንጹህ የሚመስለው መርህ ሰባት ትውልድ ያስቆጥራችኋል። ሎክም ቢሆን ራሱ የባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው፣ ነጻነት ሰባኪ ነው ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትግቡበት።

ስሚዝስ?

አዳም ስሚዝን ሁሉም ሰው ያነበበው ይመስለዋል። 1776ቱ መጽሐፍ ትልቅ ነው፣ አስር ሰው ስራ ተከፋፍሎ በቀን 48 ሺህ ስፒል የሚሰራበትን የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦ መተው ነው የተለመደው። ቀጥሉበት ብትሉ ግን የሚገርም ሰው ታገኛላችሁ፣ ነጋዴን የማያምን። የአንድ ሙያ ሰዎች ለመዝናናት እንኳን ቢገናኙ መጨረሻው ዋጋ ለመጨመር መመሳጠር ነው ይላል፣ ባለመሬቶች ያልዘሩትን ማጨድ ይወዳሉ ይላል፣ የከተማ ቦታ ኪራይ ላይ ግብር መጣሉን አይጠላም፣ የወለድ መጠን በሕግ እንዲገደብም ይደግፍ ነበር፣ በዚህ ምክንያት 1787 ላይ ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም መጽሐፍ ጽፎ ተችቶታል። ማለትም ስሚዝን የገበያ አምላኪ አድርጎ የሚጠቅስላችሁ ሰው ፊት የስሚዝን መጽሐፍ ብትከፍቱት ያፍራል። ለመጀመሪያ አይሆንም ግን፣ በሁለተኛ ዙር ይሻላል።

ሚዘስን ለመጨረሻ አቆዩት። 1920 ላይ የጻፈው፣ የግል ንብረት በሌለበት የማምረቻ ዕቃ ዋጋ ስለማይኖር ፕላን አውጪው ማስላት አይችልም የሚለው ጽሑፍ አጭር ነው፣ የደርግን የማዕከላዊ ፕላን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ያስገርማል፣ 1949 ያወጣው ግን ወደ 900 ገጽ ነው፣ እና ለመከራከር ቦታ አይሰጥም። ራንድ ልብወለድ ነው የምትጽፈው፣ ለሃያ ዓመት ልጅ ልብ ታሞቃለች፣ ከዛ በላይ አልልም። የጀርመኖቹ፣ የፍራይቡርጉ የዋልተር ኦይከን ሰዎች፣ ለኛ ከሚነገርላቸው በላይ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ፣ መንግስት ጠንካራ ዳኛ ሆኖ ሞኖፖል ይስበር ነው የሚሉት፣ ጁን 1948 ላይ የኢኮኖሚው ኃላፊ የነበረው ሉድቪግ ኤርሃርድ አዲሱ የጀርመን ገንዘብ ማርክ ሲወጣ ብዙውን የዋጋ ቁጥጥር ያነሳው በነሱ መንፈስ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች የመንግስት የሆኑበት አገር ውስጥ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሲሆን ምን ይደረጋል ለሚለው ከነሱ የተሻለ የለም።

ልዩነታቸው አሁንም ካልታያችሁ ብር ላይ አምጡት። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ፍሪድማን 1953 ላይ ጀምሮ ምንዛሬ ይንሳፈፍ ሲል የነበረ ሰው ነው፣ "ዋጋው ድሮም ጥቁር ገበያ ላይ ነበር፣ አሁን ባንክ ገባ" ነው የሚላችሁ፣ ቀጥሎ ግን ማዕከላዊ ባንኩ የብር ሕትመቱን በቋሚ ደንብ ካላሰረ ዋጋ የለውም ይላል። ሀየክ 1976 ላይ ጭራሽ መንግስት ገንዘብ ማተምን በብቸኝነት መያዝ የለበትም፣ የግል ባንኮች የራሳቸውን ይወዳደሩበት ብሏል። ሚዘስ ደግሞ ገንዘብ ከወርቅ ጋር ይታሰር ባይ ነው። ሶስቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት እንግዲህ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ኒዮሊበራል የሚለው ስድብ ሆኖ ስላደግን ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች የሚያውቃቸው በስድብ በኩል ነው፣ አሁን ደግሞ በተቃራኒው እንደ ታቦት የሚሸከማቸው ወጣት አለ። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ተቃራኒ አብሮ ማንበብ ነው፣ እኔ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ነው የማቀርበው። ከሞተ በኋላ በፈረንጅ 1924 የታተመው ስለ መንግስትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ፣ እውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሰራ ዕቃ እየገዛ ሲነግድ እየደኸየ ይሄዳል ብሎ ይከራከራል። ባስቲያን አንብባችሁ የሻማውን ቀልድ ስትስቁ ከቆያችሁ በኋላ ይሄን ስታነቡ ሳቃችሁ ይቀንሳል፣ ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የሰራ ሰው ነው፣ በባቡሩ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ቆሞ አይቷል።

ቅደም ተከተል ስጠን ካላችሁ፣ የኑሮ ውድነትና ዋጋ ተመን የሚያከራክራችሁ ከሆነ ከባስቲያ ወደ ሀየክ 1945 ሂዱ፣ ሁለቱ አንድ ቅዳሜ አይሞሉም። ፖሊሲ የምትሰሩ ወይም ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ከሆነ ፍሪድማን። ቦታችሁና ቤታችሁ የተነካባችሁ፣ ወይም ሕግ የምታጠኑ፣ ሎክ ከነአንቀጽ 40፣ ኖዚክ ከዛ በኋላ፣ የኖዚክ ደግሞ ግማሹ ለፈላስፋ የተጻፈ ስለሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ዝለሉና የፍትሕ ምዕራፉ ላይ ግቡ። ምኑንም ሳትመርጡ አንድ ብቻ ላንብብ ካላችሁ ሚል ነው፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ። ስሚዝ፣ ሚል፣ ሎክና ባስቲያ የቅጂ መብታቸው ካለቀ ቆይቷል፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ፣ የሀየክንም የ1945 ጽሑፍ ፈልጋችሁ አታጡትም። ሚል እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ ከከበዳችሁ የድምጽ ቅጂውን እያዳመጣችሁ ጽሑፉን ተከተሉት፣ እኔ ጋ እንደዛ ነው የሰራው።